የአይናዲስ ሁለተኛ ልቅሶ

«ጥለቱን ወደ ላይ አድርጊው እንጂ፤ ሰርግ ቤት መሰለሽ?» አሉ ጎረቤቷ እትዬ እንቁ የሐሴትን ነጠላ እያዘቀዘቁ። አፍንጮ በር፣ የዕድሩ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ይዞራል። ሐሴት እናቷን አይናዲስን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ እንባ ግን ጠብ አላለላትም።

«ቴሌቪዥን ላይማ ታወርደው የለ» አንዷ ከኋላዋ ስትል ሰማች።

ሐሰት አልነበረም። አምና በዘፈን ውድድሩ ላይ ሁሉም ተወዳዳሪ የሚያስለቅስ ታሪክ ነበረው። እሷ ምን አላት? ፒያሳ ልብስ የምትሰፋ፣ ሳቂታ እናት። አዘጋጁ «ታሪክ የሌለው ዘፋኝ አይመረጥም» አላት። መብራቱ ሲበራባት «እናቴ አርፋለች፤ የምዘፍነው ለእሷ ነው» አለች። አገር አለቀሰ፤ መራጩ እንደ ጉድ ጎረፈላት።

በማግስቱ በቴሌቪዥን ያዩዋት ሰዎች ጥቁር ለብሰው ቤታቸው ድረስ ለልቅሶ መጡ። በሩን የከፈተችላቸው ሟቿ ራሷ ነበረች። «አክስቷ ነኝ፤ ግቡ» አለችና አብራቸው ተቀምጣ ለራሷ አለቀሰች። ጎረቤቱንም ምስጢሩን እንዳያወጣ በጊዮርጊስ አስማለችው።

ከዚያ ወዲያ ከቤት መውጣት ተወች። ቤተ ክርስቲያን ስትስም እንኳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን እስከ ዓይኗ ስባ ነበር። እትዬ እንቁ «የማን ሐዘን ነው?» ሲሏት «የራሴ ነዋ፤ ከወዲሁ ልልመደው ብዬ» ብላ ትስቃለች።

የደም ግፊት ክትትሏንም አቋረጠች። «ጤና ጣቢያ ስም ይጠራል። ስሜ ከተጠራ አንቺ ውሸታም ልትባዪ ነው» አለቻት ለልጇ።

«ውድድሩ ይለቅና አብረን እንሄዳለን፣ እማ» አለች ሐሴት። ውድድሩ አለቀ። ከዚያ ኮንሰርት መጣ፤ ከኮንሰርቱ በኋላ ሌላ ኮንሰርት።

አሁን አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ድንኳኑ ገባች። ምብራት ትባላለች፤ ራስ መኮንን ድልድይ ነጋዴ ናት። ሐሴትን የምታውቃት በቴሌቪዥን ነው።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ጓለይ፣ ልጄ። ለእናትሽ ያኔ አልቅሻለሁ። አሁን ደግሞ ማን ሞተብሽ?»

የንፍሮው ሳህን ባለበት ቆመ። «አክስቴ» ብትል ነገሩ ያልቃል፤ ስሟም አይጎድፍም። እናቷ ግን ሁለት ጊዜ ሞታ አንዴም በእውነት ሳይለቀስላት ልትቀር ነው።

«እናቴ» አለች።

ምብራት አጠገቧ ተቀምጣ ራሷን ዳበሰቻት። «ይገባኛል። አዲስ ሐዘን አሮጌውን ይቀሰቅሳል። የአሁኗ ሟች ግን ምንሽ ናት?»

«እናቴ ናት። ያኔ አልሞተችም ነበር፤ ዋሽቼ ነው።»

ምብራት ወደ እትዬ እንቁ ዞር ብላ «ምስኪን፣ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» አለች በሹክሹክታ።

ሐሴት እትዬ እንቁን በዓይኗ ለመነቻቸው። እሳቸውም ሊመሰክሩላት አፋቸውን ከፈቱ። መሐላው ትዝ አላቸውና መልሰው ዘጉት።

የንፍሮው ሳህን መዞሩን ቀጠለ። ሐሴት የነጠላዋን ጥለት ያዘችና ቀስ ብላ እስከ ዓይኗ ሳበችው።