የወንበሮቹ ሸንጎ

ከዚህ በታች ካለው ውስጥ አንዲት ሐሰት ብትገኝ ላሞቼ በሙሉ ይምከኑ፤ አህዮቼ ድንበር ተሻግረው ደቡብ አፍሪካ ይግቡና አይመለሱ፤ እኔም ከዛሬ ጀምሮ ጠላ በአፌ አይዙር። የመጨረሻውን መሐላ የሰማ የመንደራችን የሞሩላኔ ሰው ከእንግዲህ ይጠራጠረኛል ብዬ አላስብም።

እንዲህ አጥብቄ የምምለው ወድጄ አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ ይህንኑ ታሪክ በሚስቴ ግቢ ለአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ስተርክለት፣ ሰውዬው ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠና፣ "ራፓኮ፣ ትንሽ አልጨመርክበትም?" አለኝ። እኔን! እኔ ጨምሬ አላውቅም። እንዲያውም ሰሚው እንዳይደነግጥ ብዬ የምቀንሰው ይበዛል። ስለዚህ ያን ቀን እንዳወራሁለት አድርጌ፣ ከነምስክሩ እጽፈዋለሁ።

የበኩር ልጃችን ፓኮ ስለሚባል እኔን ራፓኮ፣ ሚስቴን ማፓኮ ይሉናል። እኔ ከሊምፖፖ ወንዝ እስከ ኦካቫንጎ ረግረግ ድረስ አቻ ያልተገኘልኝ ተናጋሪ ነኝ። ሚስቴ ደግሞ የማሽላ ጠላ ትጠምቃለች። የሞሩላኔ ሰው ሲወለድ የሚጠጣው፣ ሲያገባ የሚሰክርበት፣ ሲሞት የሚለቀስለት በሷ ጠላ ነው። ቤታችሁ በምን ይተዳደራል ለሚሉኝ፣ "በኔ ምክርና በሷ ጠላ" ብዬ እመልሳለሁ። እሷ ስትጠየቅ ጠላውን ብቻ ነው የምትጠራው። ምክሩን የምትረሳው በድካም ይመስለኛል።

ወረርሽኙ መጣና መንግሥት ያገኘውን ሁሉ ዘጋ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ በመጨረሻ አፍም ተዘጋ፤ ያውም በጨርቅ። መከፈቱ ሲመጣ ግን አድልዎ ገባበት። ሱቁ ተከፈተ። ሚኒባሱ ግማሽ ሰው ጭኖ እንዲሄድ ተፈቀደለት። ቤተ ክርስቲያኑም፣ "መዝሙር ሳይኖር" ተብሎ ተከፈተ። የጠላ ግቢ ብቻ እንደተዘጋ ቀረ። በሽታው ሱቅ ገብቶ ዱቄት የሚገዛውን ሰው በክብር ያሳልፈዋል፣ ቅል የጨበጠውን ግን ከሩቅ ለይቶ ያንቀዋል ማለት ነው።

የማፓኮ ብቅል በየጆንያው እንደተቀመጠ ነቀዝ ገባበት። አንድ ጠዋት ብቅሉን እያንገዋለለች ቀና ሳትል አናገረችኝ።

"ስማ ራፓኮ፣ ከዚህ በላይ መጠበቅ አልችልም። ግቢው አሁንም ካልተከፈተ ጋቦሮኔ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ሞግዚት ፈልጊልኝ ብለውኛል የምታውቃቸው ሰዎች።"

"እኔስ?"

"አንተማ ገንፎ ማገንፋት ትማራለህ።"

ለኔ ነገሩ የሕዝብ ጤና ጉዳይ መሆኑ ያን ጠዋት አበቃ። ሚስቴ ልትሄድብኝ ነው። ያም አልበቃ ብሎ፣ ገንፎ።

በዚያው ሰሞን አለቃችን ኮሲ ሴቤጎ ጥሪ አደረጉ። ከወረዳ ሹም ይመጣል፤ የጠላ ግቢ ይከፈት ወይስ ተዘግቶ ይቆይ የሚለውን የሞሩላኔን ሐሳብ በኮትላው ተቀምጦ ይሰማል። ኮትላ በግንድ የታጠረው ሸንጓችን ነው። ማንም ይናገራል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ በመጨረሻ ኮሲው የሁሉን ሰብስበው ይፈርዳሉ። ከአጥሩ ውጪ የተነገረ ግን እንደ ፍየል ጩኸት ነው፤ ማንም አይቆጥረውም። እናም ሹሙ አንድ ነገር አስጠነቀቀ፦ ከሃምሳ ሰው በላይ እንዳይገባ።

ክርክሩ ቀኑን አልጠበቀም፤ ውኃ መቅጃው ቧንቧ ጋ ተጀመረ። የመዘምራኑ አለቃ ሞጋፒ ጄሪካኑን አስቀምጦ ስብከት ያዘ።

"አንድ ቅል ለአስር አፍ! በሽታው እግር አለው እንዴ? በናንተ ቅል ተሳፍሮ ነው ከደጅ ደጅ የሚዞረው!"

"በናንተ ዝማሬስ?" አልኩት። "ባለፈው እሁድ የተረጨው ምራቅህ ከኋላው ረድፍ ያለችውን አክስቴን አጥምቋታል አሉ።"

"አልዘመርንም! ተከልክሏል። እያንጎራጎርን ነው።"

"በቃ እኛም እያንጎራጎርን እንጠጣለና!"

ቧንቧው ጋ የነበሩት ሴቶች በሳቅ ውኃው እስኪፈስ ተንከተከቱ። ሞጋፒ ታላቅ ወንድሙን በዚሁ በሽታ ቀብሯል፤ ቀብሩ ላይ እንኳ ደህና አድርጎ አላለቀሰም፣ ቶሎ ቶሎ በሉ ሲባል። ይህን ስለማውቅ አፌ ላይ የነበረውን የመጨረሻ ስድብ ዋጥኩት። ግሩም ስድብ ነበር፤ እስካሁን ደረቴ ላይ ተቀምጧል።

አሁን ወደ ወንበሮቹ ልምጣ። ወደ ኮትላ የሚሄድ ሰው ወንበሩን ከቤቱ ይዞ ነው የሚሄደው፤ አያቶቻችንም እንዲያ፣ እኛም እንዲያ። የሰው የኮትላ ወንበር ላይ መቀመጥ ደግሞ የሰው አልጋ ላይ ከመተኛት እኩል ነው፤ ከባለቤቱና ከሚስቱ በቀር አይሞከርም። ታዲያ ሃምሳ ሰው ብቻ ሲባል መንደሩ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በስብሰባው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ቤት ወንበሩን ልኮ ቦታ ያዘ።

የኔን ወንበር ማየት ነበረባችሁ! ግንዱን የጠረቡት አያቴ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው እየጠረቡ በሌላው አንበሳ ይመልሱ ነበር። ጠፍሩ ከሚታወቀው ጥቁር በሬያችን ቆዳ ነው። ከክብደቱ የተነሳ ሦስት ወንድ ያቃተዋል። ማፓኮ ብቻዋን ተሸክማ ወሰደችልኝ፤ እኔ በማግስቱ ለምናገረው ድምፄን ማሳረፍ ነበረብኝ።

የመንደሩ ፖሊስ ቲሮ ቆጠራ ላይ ነበር። የቆጠረው ግን ሰው አይደለም፤ ሰው ገና አልመጣም። ወንበር ቆጠረ። ሃምሳ ሲሞላ፣ "ሞልቷል!" ብሎ በሩን ጠረቀመ። ቲሮ ሲቆጥር ይጠነቀቃል፤ ያልጠየቁትን አይቆጥርም፣ የቆጠረውን አይሰርዝም።

ሲነጋ ታየ ጉዱ። ወንበር ከላኩት ውስጥ ግማሾቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የመንደሩ ነርስ ከቤት እንዳትወጡ ብላ አስቀርታቸዋለች። የሁለቱ ወንበሮች ባለቤቶች ደግሞ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው ግን፣ "አባታችን ከኮትላ ቀርተው አያውቁም" ብለው ወንበራቸውን አምጥተዋል። ከአጥሩ ውጪ መንደሩ በሙሉ ቆሟል፤ ከውስጥ ወንበር ተሰብስቧል፤ መሀል መሀል ላይ እንደ አተር ጣል ጣል ያለ ሰው። ውጪ ያለው እንዳይገባ ሃምሳው ሞልቷል። ቢገባስ ምን ላይ ይቀመጣል?

ማፓኮ የወንበሬን ጤዛ ልትጠርግልኝ ጎህ ሲቀድ ቀድማኝ ሄዳለች። እኔም የሠርጌን ኮት ለብሼ ተከተልኩ። ቲሮ ገና ከሩቅ ሲያየኝ በሩን በሁለት እጁ በረገደልኝ። "እንኳን መጣህልን ራፓኮ፣ ያላንተ ምን ሸንጎ አለ!" አለና ሰላምታ ሰጠኝ፣ እንደ ወታደር።

ሹሙ መጡ። ሰውዬው ሰው አይደሉም፣ ተራራ ናቸው! መጀመሪያ ሆዳቸው ገባ፤ ቆየት ብሎ እሳቸው ተከተሉ። አንድ ጭምብል ጉንጫቸውን አልሸፍን ብሎ ሁለት አስረዋል። ከኋላቸው ሦስት መንግሥታዊ መኪና፣ አንዱ ለሳቸው፣ አንዱ ለጸሐፊያቸው፣ አንዱ ለምሳቸው።

ሞጋፒ ተነሥቶ ስለ ቅሉ ተናገረ። ስለ ወንድሙም ተናገረ፣ ሰዉም አንገቱን ደፋ። ሲቀመጥ ሹሙ ዙሪያውን አዩ።

"ሌላ የሚናገር አለ? ዝም ካላችሁ ይዘጋ በሚለው ተስማምታችኋል ብዬ ነው የምሄደው።"

ወንበሮቹ ዝም አሉ። የሙታኑ ወንበሮች ከሁሉም በላይ ዝም አሉ። ከአጥሩ ውጪ ያለው ሕዝብ ይቁነጠነጣል፣ ግን አይቆጠርለትም። ኮሲ ሴቤጎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋቦሮኔ ያሉት የሰው ልጆች ሚስቴን "ሞግዚት!" እያሉ ሲጠሯት በጆሮዬ ሰማሁ።

ያኔ ተነሣሁ።

የጀመርኩት ከዓለም መፈጠር ነው። ማሽላ መቼ እንደተፈጠረ አስረዳሁ፤ ከሰው በፊት መሆኑን፣ ሰው የተፈጠረውም የሚጠጣው ሰው ስለጠፋ መሆኑን። ተናጋሪ እስኪቀመጥ አይቋረጥምና እኔም መቀመጡን ተውኩት። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች፣ ልትሰማኝ ትንሽ ቆመች። የኮትላው ሞሩላ ዛፍ ላይ የነበሩ ወፎች ጫጫታቸውን ተዉ። "ሱቅ ሲከፈት ደግ፣ ሚኒባስ ሲከፈት ደግ፣ የደሃ ሴት ድስት ሲከፈት ነው ወረርሽኙ ትዝ የሚላችሁ?" ስል ሹሙ አለቀሱ፤ ሁለቱም ጭምብላቸው ስለራሰ ጸሐፊያቸው ሦስተኛ አመጣላቸው። የምሳቸው መኪና ሳይከፈት ተመለሰ።

ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አንበሳ ከመዝለሉ በፊት እንደሚያደርገው፣ ወደ ሞጋፒ ዞርኩ።

"ወንድሜ ሞጋፒ ስለ ቅሉ እውነቱን ነው። አንድ ቅል ለአስር አፍ ይቅር። ግን እዩ እስቲ እነዚህን ወንበሮች! ይህ ወንበሩን ከቤቱ ይዞ የሚመጣ ሕዝብ ነው። ወንበሩን ይዞ የመጣ ሰው ቅሉን ይዞ መምጣት ያቅተዋል?"

ቀጥሎ፣ "ፑላ!" የሚል ጩኸት፤ ዝናብ ይውረድላችሁ ማለት ነው፣ ደስ ሲለን የምንለው። "ፑላ! ፑላ!" አጥሩ ተነቃነቀ። አንዳንዶች ደመና አይተናል ብለዋል፤ እኔ እንኳ ያየሁት ሁለት ብቻ ነው። ሞጋፒ ራሱ መጥቶ እጄን ሊስም ብሎ ርቀት ጠብቁ ስለተባለ ከሩቅ ሳመኝ። ኮሲ ሴቤጎ ፈረዱ፦ ግቢው ይከፈት፤ ሁሉም በራሱ ወንበር፣ በራሱ ቅል፣ ተራርቆ ይጠጣ። ሹሙ ወደ ጋቦሮኔ ወስጄ ሚኒስትር ላስደርግህ ብለው ለመኑኝ፤ ፍየሎቼን ማን ይጠብቅልኛል ብዬ እምቢ አልኩ።

ያን ባለታሪክ ወንበር ለማፓኮ ሸለምኳት። ግቢው ከተከፈተ ጀምሮ ጠላዋን የምትሸጠው እሱ ላይ ተቀምጣ ነው።

ለሾፌሩ የነገርኩት ይህንን ነው፤ አንዲት ነገር አልጨመርኩም። እንግዲህ አላምን ሲለኝ፣ "ምስክር ከፈለግህ ሚስቴ ያቻትልህ፤ ጠይቃት" አልኩት። እንዲህ የተባለ ጨዋ ሰው አይጠይቅም። እሱ ግን ዞረና ጠየቃት።

ማፓኮ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጠላ እያጠለለች ነበር። ቀና አላለችም።

"ወንበሩ ገብቷል፤ እሱ አልገባም" አለች ቀስ ብላ። "ቲሮ ወንበሩን ስለቆጠረ፣ 'አንተማ ገብተሃል ራፓኮ' ብሎ ከበር መለሰው። ባዶ ከሚሆን ብዬ ጤዛ ልጠርግ የገባሁት እኔ ተቀመጥኩበት።"

"ንግግሩስ?"

"ሌላ የሚናገር አለ ሲባል ዝም አሉ። ብቅሌ ትዝ አለኝ። ሞጋፒ ስለ ቅሉ እውነቱን ነው፣ ወንበሩን ይዞ የሚመጣ ቅሉንም ይዞ ይምጣ፣ አልኩና ዝም አልኩ። ልጅቷም ጥሩ ነው አለች።"

"የቷ ልጅ?"

"ከወረዳ የመጣችው። ቀጭን ልጅ ናት። በሚኒባስ ነው የመጣችው፤ ሸንጎው ወዲያው አለቀ፣ ገንፎዬ ሳይበርድ ተመለስኩ።"

ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግቢያችን ባለው ሞሩላ ዛፍ ላይ ያሉትን ወፎች አየሁ።

"ቅልህን አቀብለኝ" አለችው ማፓኮ፣ "ልሙላልህ።"