የኡስታዝ ጋረደው ዲግሪ

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የጋረደው ይብሳል፤ እሱ አንጥፉልኝ እንኳ አላለም፣ ሰዎቹ ራሳቸው ሲያነጥፉለት አመስግኖ ተቀመጠበት።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። በመተማ ተሻግሮ ሱዳን፣ ገዳሪፍ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ የሺመቤት ሻይ ከምትሸጥበት ራኩባ፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጧል። የሺመቤት በሰባ ሰባቱ ድርቅ በልጅነቷ የመጣች የበለሳ ሰው ናት፤ እዚያው አድጋ፣ እዚያው አግብታ፣ ባሏንም እዚያው ቀብራለች። እንግዳ ሲመጣ መጠየቅ ትወዳለች።

«ተምረሃል?» አለችው።

«ዩኒቨርሲቲ ነበርሁ።»

«በምን?»

«በሒሳብ።»

«ተመርቀህ?»

ጋረደው ሻዩን ፉት አለና አዎን በሚል ራሱን ነቀነቀ። አለቀ። ውሸቱ በሙሉ ይኸው ነው፤ አንዲት ንቅናቄ፣ ያውም አፉ ሻይ ይዞ። የሺመቤት እዚያው በዚያው «አንተ»ን ትታ «እርስዎ» አለችው፤ እንደ አገሩ ወግ ለአስተማሪ የሚባለውን «ኡስታዝ»ንም ጨመረችለት። ሳይመሽ የሰፈሩ አበሻ ሁሉ ኡስታዝ ይለው ጀመር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከአንገት የወጣው የት እንደሚደርስ ግን የነገረን የለም።

እውነቱን እኔ ልንገራችሁ፣ እሱ እንደሆን አይነግራችሁም። ጋረደው ዩኒቨርሲቲ የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ያስባረረውም ሌላ ሳይሆን ራሱ ሒሳብ ነው። የተለጠፈውን ውጤት ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ስሙም አልተለወጠም፣ ከስሙ ፊት ያለው ኤፍም አልተለወጠም። እናቱ ለምርቃቱ ቀን የሚታረድ በግ ከጠቦትነቱ ጀምራ ትቀልብ ነበር። ሰው ፊት መቆም ይቅርና ያ በግ ፊት መቆም አፍሮ፣ ወደ ቤቱ ሳይመለስ ሁመራ ለሁመራ ሰሊጥ ሲያርም ከርሞ ተሻገረ።

ገዳሪፍ ላይ ከእህል ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ይሠራል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደግሞ ከራኩባው ሥር የሰፈሩን ልጆች ሒሳብ ያስተምራል። ከሁሉም የምትበልጠው የየሺመቤት አንድ ልጅ ብፅአት ናት። ሲመጣ የስምንት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ አሁን አሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል። እሷ በሱዳን ትምህርት ቤት በዐረብኛ ስለተማረች ከቀኝ ትጀምራለች፣ እሱ በእንግሊዝኛ ስለተማረ ከግራ። አንዱን ጥያቄ ከአንዱ ደብተር ላይ ከሁለት ጫፍ ይዘው ይሠሩታል፤ መልሳቸው ከገጠመ መሃሉ ላይ ክብ ያደርጉበታል።

ያልገባው ጥያቄ ሲመጣ ጋረደው አላውቅም አይልም። አገጩን እሽት እሽት ያደርግና «ነገ እንያት» ይላል። ከዚያ ክፍሉ ገብቶ፣ አሮጌ መጽሐፉንና ስልኩን ይዞ ሲታገል ያድራል። በነጋው ከእናቱ ሆድ ጀምሮ የሚያውቃት አስመስሎ ይፈታታል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ብፅአት ሁለተኛ ደረጃ ጨረሰች፤ ሒሳብ ዘጠና አራት አመጣች። የሱዳኑ ጦርነት የካርቱምን ዩኒቨርሲቲዎች ዘግቷቸዋል። አንድ ቀን ሰኞ አንድ ቅጽ ይዛ መጣች፤ ለስደተኛ ልጆች ውጭ አገር በሒሳብ ዲግሪ የሚያስተምር ነጻ ዕድል ነው። ሒሳብን ለምን እንደመረጠች አንድ ገጽ መጻፍ አለባት፣ የሒሳብ መምህሯም በታሸገ ፖስታ ደብዳቤ ማስገባት አለበት። የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነው፣ እስከ ስድስት ሰዓት።

«የትምህርት ቤቱ መምህር በጦርነቱ ሄደው ቀሩ» አለች መሬት መሬት እያየች። «ኡስታዝ፣ ከእርስዎ በቀር ማን አለኝ?»

ጋረደው ቅጹን ማንበብ ጀመረ። «የመምህሩ የትምህርት ማስረጃ ይያያዝ» ከሚለው ሲደርስ ወረቀቱን አጠፈው። ከዚያ ወዲያ አላነበበም።

የሺመቤት ከምድጃዋ ሆና «ዲግሪዎን ያስቀመጡበት አይጠፋዎትም መቸም!» አለችው።

ያኔ ቢናገር ኀፍረቱ በሦስት ሰው መካከል ይቀር ነበር። አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ ያፍራል፣ ከዚያ ያልፋል። ምን ዋጋ አለው፣ «አለ፣ ከጓዜ ውስጥ አለ» ብሎ ተነሣ።

ገበያው መሃል ፊሊጶስ የሚባል የፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው አለ። የጠፋ ወረቀት ያወጣል፣ ያልነበረም ያወጣል። ጋረደው በሩ ላይ ግራ ቀኝ አይቶ ገባ። ፊሊጶስ ብዙም አልጠየቀው።

«የምርቃቱ ዓመት?»

«ሁለት ሺህ አምስት» አለ ጋረደው። ማሰብ አላስፈለገውም። አብረውት የገቡት ልጆች የተመረቁበት ዓመት ነው፤ ጋዋን ለብሰው፣ ቆባቸውን ወደ ላይ ወርውረው የተነሡትን ፎቶ ስልኩ ላይ ስንት ጊዜ አይቶታል።

ፊሊጶስ በእንግሊዝኛ ጻፈው፣ ማኅተሙን መታበት፣ «ማብሩክ፣ ያ ኡስታዝ!» ብሎ እየሳቀ ሰጠው። ጋረደው በሕይወቱ እንኳን ደስ ያለህ የተባለው ያን ቀን ነው። ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አነሣውና፣ ያነሣበትን ምክንያት ራሱም ሳያውቀው፣ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ከፍቶ አየው።

ረቡዕ ጠዋት ከደብዳቤው ጋር አሽጎ ዕድሉን ለሚያስተናግደው ቢሮ፣ አገሬው መክተብ ለሚለው፣ አስገባ። መዝጋቢዋ ኑሪያ እዚያው ገዳሪፍ የተወለደች ያበሻ ልጅ ናት። «ኡስታዝ ጋረደው እርስዎ ነዎት? ስምዎን ስሰማ ነው የኖርሁት» ብላ ብድግ ብላ ተቀበለችው። ወንበሩ እንደ ጋለ ብረት ምጣድ ፈጀውና ሳይደላደል ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ብፅአት ገጿን አምጥታ «እንግሊዝኛውን ይዩልኝ» አለችው፤ ሰጥታውም እናቷን ላግዝ ብላ ሸሸች። መሸሿ ደግ አልመሰለውም። ጋረደው እስክሪብቶውን ይዞ ማንበብ ጀመረ። እንግሊዝኛ መቸም አንቱታ አያውቅም፣ እንዲህ ይላል፦

«አስተማሪዬ ያልገባው ጥያቄ ሲመጣ ‹ነገ እንያት› ይላል። በነጋው ዓይኑ ቀልቶ ይመጣና ይፈታታል። ሰው ሁሉ ዲግሪ አለው ይላል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ ግን ገባኝ፤ ዲግሪ የለውም፣ ከእኔ የሚቀድመው በአንድ ሌሊት ብቻ ነው። ሒሳብ ለመማር የቆረጥሁት ያን ጊዜ ነው። እሱ የማያውቀውን በአንድ ሌሊት ካወቀ እኔም እችላለሁ ብዬ ነው።»

ጆሮው ጋለ። ላብ ከአንገቱ ወርዶ ሸሚዙን አጣበቀበት። ሁለት ዓመት ሙሉ! ሁለት ዓመት ሙሉ አገጩን እያሸ «ነገ እንያት» ሲል፣ ይቺ ልጅ እያወቀች «እሺ ኡስታዝ» ስትል ኖራለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። መሬት ግን እንዲህ ስትፈለግ መቼ ትገኛለች? ሰው ሲያፍር ደግሞ ይቆጣል፤ ጋረደውም ተቆጣ።

«ብፅአት! ነይ ወዲህ! ማነው ዲግሪ የለውም ያለሽ?»

«ማንም... ማንም አላለኝም፣ ኡስታዝ።»

«ታዲያ ይኸ ምንድን ነው?» ብሎ ስልኩን ከፍቶ ፊቷ ላይ ደቀነው። «ጠዋት ከደብዳቤሽ ጋር አስገብቼዋለሁ!»

ብፅአት ስልኩን ሳትነካ ብዙ አየችው። ከንፈሯ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ በሐሳቧ ስትደምርና ስትቀንስ እንደዚያ ነው ልማዷ።

«ኡስታዝ፣ የተወለዱት መቼ ነው?»

«በሰማንያ አራት።»

«በፈረንጅ ዘጠና ሁለት መሆኑ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ወረቀቱ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው፤ ሁለት ሺህ አምስትን በፈረንጅ ነው የሚያነቡት። ያን ጊዜ እርስዎ... የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ።»

ያበሻ ነገር! ዓመታችንን ጠይቁን፣ በእኛው አቆጣጠር ቁልጭ አድርገን እንነግራችኋለን፤ ወረቀቱ የፈረንጅ መሆኑ ትዝ የሚለን ከተፈረመ በኋላ ነው። ሌላው ሰው ቢሳሳት ይሁን። የሒሳብ መምህር፣ ያውም ባለ ዲግሪ ነኝ ባይ፣ ስምንት መደመር ይርሳ?

«ከእኔ ፋይል ጋር ነው የሚታይ» አለች ብፅአት። ሁለቱም ገባቸው። የውሸት ወረቀት የተገኘበት ፋይል ወዲያው ይጣላል፤ ከፋይሉ ጋር የምትጣለው ደግሞ እሷ ናት።

«ገጼን ልለውጠው?» አለችው። «ዲግሪ አላቸው ብዬ ልጻፈው? ምናልባት ዓመቱን አያዩት ይሆናል።»

ከሁሉ የበለጠ ያዋረደው ይኸ ነው። ኤፉም፣ የፊሊጶስ ሳቅም እንዲህ አላደረጉት። ያስተማራት ልጅ ስለ እሱ ስትል ልትዋሽ ነው። «ተይው» አለ። «አንዲት ፊደል እንዳትነኪ።»

ሐሙስ ጠዋት መክተቡ ደጃፍ ሰልፉ ተጠማዟል። ግማሹ ጋረደውን ያውቀዋል፤ «ሰላም ኡስታዝ»፣ «እንዴት አደሩ ኡስታዝ» እያሉ አሳለፉት። ብፅአትም ከእናቷ ጋር ቆማለች፤ የሺመቤት ልታጅባት ነው የመጣችው። ጋረደው አንገቱን ደፍቶ እስከ መስኮቱ ሄደ።

«እህቴ፣ ትናንት ያስገባሁትን ፖስታ ይመልሱልኝ» አለ ዝቅ አድርጎ።

«ተመዝግቧል እኮ፤ ያለ ምክንያት አይወጣም» አለች ኑሪያ። «ምን ጎደለው?»

«ዲግሪው የውሸት ነው።»

ጀነሬተሩ እያጓራ ነው። ኑሪያ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋች። «ምን አሉ? አልሰማሁም!»

ተመልሶ መሄድ ይችል ነበር። ዞር ሲል የብፅአትን ፊት አየ፤ ቅጿን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

«የውሸት ነው!» ብሎ ጮኸ። «ሱቅ ነው ያሠራሁት! ዲግሪ የለኝም! ተመርቄም አላውቅ!»

ሰልፉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ከኋላ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ሌላው «ኧረ ጉድ!» አለ። የሺመቤት ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

ኑሪያ ፖስታውን ፈልጋ አወጣችው፤ ገና አልተከፈተም። ወረቀቱን እየመለሰችለት፣ ከክፋት ሳይሆን ገርሟት፣ «ዋላሂ፣ ማስረጃ ከሌለ እኮ እንዴት እንዳስተማሯት ሁለት መስመር ይበቃ ነበር። ከቅጹ ጀርባ ተጽፏል» አለችው።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ጋረደው አጥፎ የተወውን ቅጽ አሰበና እስክሪብቶ ለመነ። መስኮቱ ደፍ ላይ ተደግፎ ጻፈ፦ «ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ቆይቼ በሒሳብ ወድቄ ተባረርሁ። ብፅአትን ያስተማርኋት ከእሷ አንድ ሌሊት ቀድሜ እያጠናሁ ነው፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን የምትቀድመኝ እሷ ናት።»

ኑሪያ አነበበችው፣ ቀና ብላ አየችው፣ ማኅተሟን መታችበት። አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። የውሸቱን ዲግሪ የሚጥልበት ቦታ አጣ፤ የትም ቢጥለው አንሥቶ የሚያነብ አይጠፋም። አጣጥፎ ኪሱ ከተተውና በሰልፉ አጠገብ አለፈ። አሁን ግን ኡስታዝ ያለው ሰው የለም።

ሁለት ሳምንት ራኩባው አጠገብ አልደረሰም። ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ፊት ለፊት ስለሆነ ከየሺመቤት ላለመገናኘት በጓሮ በር ይወጣ ነበር። በአሥራ አምስተኛው ቀን ጓሮ በሩ ተቆልፎ አገኘው፤ በፊት ለፊቱ ሲወጣ የሺመቤት ቆማ እየጠበቀችው ነው።

«ና ቁጭ በል» አለችው።

«እርስዎ» በአሥራ አንድ ዓመቱ አረፈ። ጋረደው ተቀመጠ። ሻዩን አስቀመጠችለትና ከአጠገቡ ሳትሄድ ቆመች።

«ለእኔ ብትነግረኝ ምን እልህ ነበር? ፊደል ያልቆጠርሁ ሰው፣ ኤፍህን ከምን ልለየው?» አለች። ቀጠለችና «ልጄ ለፈተና ተጠርታለች። በወሩ ነው። አስተማሪ የለኝም ብላ ስታለቅስ ነው ያደረችው» ብላ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። መቆጣቷ ይሁን መለመኗ አልለይ አለው።

ብፅአት ደብተሯን ይዛ መጥታ ከፊቱ ተቀመጠች፤ ለፈተናው ከተላከላት የመለማመጃ ወረቀት አንዱን ጥያቄ አሳየችው። ጋረደው አነበበው። ደግሞ አነበበው። እጁ ወደ አገጩ ሄደ፣ ምላሱም «ነገ»ን ይዞ ተነሣ። ልጅቱ ታየዋለች።

እጁን አወረደ።

«አላውቃትም» አለ።

«እኔም አላውቃትም» አለች ብፅአት። ደብተሩን መሃላቸው ዘረጋችውና ከቀኝ በኩል መጻፍ ጀመረች። ጋረደውም ጆሮው እንደጋለ እስክሪብቶውን አንሥቶ ከግራ ጀመረ።