የጣሊያን ጀርባ

መሊካን ከአልዩ አምባ እስከ አንኮበር ያለ ሰው ሁሉ ከሩቅ ያውቃታል። በፊቷ አይደለም፤ ፊቷን ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልግ ነበር። የሚያውቋት በጀርባዋ ነው። አከርካሪዋ ከልጅነቷ ጀምሮ እየተጣመመ ሄዶ፣ ሠላሳ ዓመት ሲሞላት አንዱ ትከሻዋ ጆሮዋ ሥር ደርሷል፤ ሌላው ወደ ወገቧ ወርዷል። እንዲያም ሆና ጥጥና በርበሬ አዝላ የአንኮበርን ዳገት ትወጣለች። ጭነቱ ጉብታዋ ላይ ተደላድሎ ይቀመጥላታል። "እናንተ ኮርቻ ትገዛላችሁ፤ እኔን አላህ ከነኮርቻዬ ነው የፈጠረኝ" እያለች በበቅሎ ነጂዎቹ ታሾፍ ነበር።

ጣሊያን ከገባ ወዲህ ደግሞ ያ ጀርባ ሌላ ሥራ አገኘ። የሚያልፍ የጣሊያን ጦር አባቷን እርሻው ላይ ተኩሶ ገደለውና ታናሽ ወንድሟ ዓወል አርበኞቹን ተከትሎ ጫካ ገባ። መሊካ ከጥጡ ሥር ጨውና በሶ ደብቃ ታደርስለታለች። ጣሊያኖቹ ለአንዲት ጎባጣ ሴት ግድ አልነበራቸውም። አርበኞቹም ቅርጿን ከማዶ ሲያዩ "እሷ ናት" ብለው ጠመንጃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ክፋቱ፣ ትንፋሽ እምቢ አላት። በመጀመሪያ ዳገቱ ላይ ታርፍ ጀመር፤ ቀጥሎ ሜዳውም ዳገት ሆነባት፤ በመጨረሻ አንድ ቀን መንገድ መሐል ወደቀች። ጎረቤታቸው ረሺድ፣ ኮርቻ ሰፊው፣ በበቅሎው ጭኖ ደብረ ብርሃን አደረሳት። እዚያ በገበያ ቀን ሕመምተኛ የሚያይ የጣሊያን ሐኪም ነበረ። ሐኪሙ ጀርባዋን በጣቱ ተከትሎ ወረደና ለአስተርጓሚው ብዙ ተናገረ።

"ጀርባሽ ተጭኖት ሳንባሽ መግቢያ አጥቷል ይላል" አላት አስተርጓሚው። "እንዲህ ከቆየሽ ትሞቻለሽ። አዲስ አበባ ወስዶ ከቅልጥምሽ አጥንት ይፈልጥና አከርካሪሽ ላይ ይተክለዋል። አጥንቱ ተያይዞ አንድ ይሆናል። ታዲያ ከዚያ ወዲያ ወገብሽ አይታጠፍም።"

መሊካ ስለ ወገቧ አላሰበችም። ያሰበችው ዓወልን ነው። አባታችንን ለገደለ እጅ ጀርባሽን ሰጠሽ ቢላት ምን ትመልስለታለች? ይህን ስታብሰለስል እናቷ ኡሙሀኒ ቆረጠችላት። "ባሌን ቀብሬያለሁ፣ ልጄን ለጫካ ሰጥቻለሁ። አንቺን ደግሞ ለወሬ ብዬ አልቀብርም። ሂጂ!"

ሄደች። አዲስ አበባ የሆነውን ብዙ አታስታውስም። ስትነቃ ከብብቷ እስከ ዳሌዋ ጣሊያኖቹ ጀሶ በሚሉት ነጭ ድንጋይ ተገንዛለች። የገረማት ከጀርባዋ ይልቅ እግሯ ነው፤ አጥንት የተፈለጠበት ቅልጥሟ ሌሊትና ቀን ሲነዘንዛት ጀርባዋን አስረሳት። ሳምንታት እዚያው ተኝታ ከቆየች በኋላ በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን መለሷት፤ ከዚያ ወዲያ ረሺድና የአገሩ ሰው በቃሬዛ ቁልቁለቱን አወረዷት። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ ጀሶው እስከ ጥር እንዳይነካ፣ እሷም እንዳትቀመጥ።

መተኛት ሥራ ነው ቢሏት ቀድሞ ትስቅ ነበር። አሁን ግን ከሥራም የከፋ ሥራ ሆነባት። በጀርባ ተኝቶ ሾርባ መዋጥ ያንቃል። ለመገላበጥ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ለመሽናት የእናት እጅ ይፈልጋል። አልዩ አምባ ደግሞ ቆላ ነው፤ ጀሶው ሥር ላብ ይወርዳል፣ ላቡ ያሳክካል። አንድ ቀን ቁንጫ ገባባት። ቁንጫ ሁሉም ቤት አለ፤ ግን የራስን ቁንጫ በራስ ጥፍር አለመድረስ መከራ ነው። ኡሙሀኒ በቀጭን የወይራ ስንጥር ጀሶው ውስጥ ስታሳድድ፣ መሊካ "ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ እማ!" እያለች ስትጮህ፣ ሁለቱም በሳቅ ሞቱ። ሳቁም ያማል። ሶላቷን ሼኹ እንደነገሯት በዓይኗ ሰገደች፤ ጎንበስ ለሚባልበት ሩኩዕ ዓይኗን ዝቅ፣ ግንባር መሬት ለሚደፋበት ሱጁድ ይበልጥ ዝቅ።

የአገሩ ሰው ደግሞ ሥራ ፈቶ አያውቅም። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች "የጣሊያን ጀርባ" የሚል ስም አወጡላት። ስሙ ቤቷ ድረስ መጣ። ወሬው በዚያ ቢቆም መልካም ነበር፤ ግን እግር አውጥቶ ጫካም ገባ፦ "መሊካን ጣሊያን በመኪና ጭኖ ወሰዳት።" ከዚህ በላይ ዓወል ምንም አልሰማም። ኡሙሀኒ ሰው እንላክለት ስትል መሊካ አሻፈረኝ አለች። "በሰው አፍ ከሰማው ሌላ ነገር ይሆናል። እኔው ራሴ ወጥቼ እነግረዋለሁ" አለች። እውነቱን ለመናገር ፈርታም ነበር።

ጥር ሲመጣ ሐኪሙ ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል አሉ። ጀሶውን በሙቅ ውሃ አርሶ፣ ቆዳ በሚቀድበት ቢላዋ የቀደደላት ረሺድ ነው፤ "ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ" እያለ። ከሥሩ የወጣው ገላ የከሳና የገረጣ፣ ጠባሳው ከማጅራቷ ግርጌ እስከ ወገቧ የወረደ። አቆሟት። ፍጹም ቀጥ አላለችም፤ ቢሆንም ትከሻዎቿ ሊስተካከሉ ምንም አልቀራቸውም። ወለሉ ራቀባት፤ አዞራትና መልሰው አስተኟት። በማግስቱ ስትቆም ቀሚሷ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቀርቶ አገኘችው። ኡሙሀኒ ቀና ብላ የልጇን ፊት አየችና አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ሕፃን መማር ነው። የወደቀ ነገር ለማንሳት በጉልበቷ መውረድ። ዞር ለማለት ከነእግሯ መዞር። በሩን ዝቅ ብላ መግባት ስለማትችል ግንባሯን ስንቴ ተመታች! ጭነት ያዘለች ቀን ደግሞ ጥጡ ተንሸራቶ ወደቀ፤ የሚቀመጥበት ጉብታ የለማ። ተናደደች፣ ሰደበችው፣ ገመዱን በደረቷ አዙራ እንደገና አሰረችው። ትንፋሿ ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ እስከ ሆዷ ይወርድ ነበር።

የበልግ ዝናብ ሳይጀምር አንድ ማለዳ ጨውና በሶዋን ይዛ ዳገቱን ጀመረች። እያረፈች ወጣች። አርበኞቹ ያሉበት የጥድ ጫካ አፋፍ ላይ ስትደርስ ከላይ ድምፅ መጣ።

"ቁሚ! ማነሽ?"

ድምፁን አወቀችው። ዓወል ነው። "እኔ ነኝ፣ መሊካ!"

"ውሸታም! መሊካን እኔ አጣኋትና ነው? እሷን ጣሊያን በልቷታል። መሬት ላይ ተደፊ!"

"አልችልም!"

"ተደፊ ብያለሁ!"

ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማች። ጎንበስ ልትል ሞከረች፤ ወገቧ እንደ ምሰሶ ተገተረባት። ቀኝ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ልትሰቅል፣ የድሮዋን መሊካ ልትሆንለት ሞከረች፤ ያም እምቢ አላት። ያኔ ፍርሃቷ ወደ ንዴት ተለወጠ።

"አንተ ንፍጣም! በዚህ ጀርባ ታዝለህ፣ በዚህ ጀርባ ላይ እየሸናህ አድገህ፣ ዛሬ ጠመንጃ ትደግንብኛለህ?"

ከዚያ ቅርንጫፎቹ ተገለጡና ጺሙ ያደገ፣ ጉንጩ የጎደጎደ ሰው ወጣ። ዙሪያዋን ዞራት። አንዴ ፊቷን፣ አንዴ ጀርባዋን ያያል።

"እታለም... ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?"

ተኝታ ስታዘጋጅ የከረመችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። "ጣሊያን" አለች። "የጣሊያን ሐኪም።"

ዓወል ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። "አባታችንን እንደገደሉት እያወቅሽ?"

"እያወቅሁ። መተንፈስ ፈልጌ ነው፣ ዓወሌ። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

መሊካ ቆማ ጠበቀች፤ ተነሥቶ ቢሄድባት ተከትላ እንደማትደርስበት ታውቃለች። በመጨረሻ ጉልበቱ ላይ ያጋደመውን ጠመንጃ በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

"ይሄ ከማን የመጣ ነው?"

"ከጣሊያን ነዋ።"

"ጥይቱም። ካፖርቱም። ይሄም ጫማ፣ ቢጠበኝም።" እግሩን አነሣ አድርጎ አሳያት። "እኛ የማረክነውን መልሰን አናውቅም። አንቺም ማርከሽ መጣሽ በያ!"

ሊስቅ ጀምሮ እንባው ቀደመው። ፊቱን በካፖርቱ እጅጌ ሸፍኖ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። መሊካ እንደ ድሮው ጎንበስ ብላ ልታቅፈው ፈለገች።

"ተነሣ እንጂ" አለችው እያለቀሰች፤ "እኔ እንደሆን ከእንግዲህ አልጎነብስልህም።"

ዓወል ተነሣ።