የፊታውራሪ ዋስ

ባለቤቴ ጥሩነህ ከውጭ ያመጣብኝ ነገር ሁሉ ይሸታል ብል ግፍ ይሆንብኛል፤ ድመቱ ግን ይሸታል። ኦክላንድ መሀል ከተማ የሰው መኪና ከሚያቆምበት ፓርኪንግ ነው አቅፎት የመጣው። ደረቱ ሰፊ፣ አንድ ጆሮው የተቦጨቀ ቀይ ድመት ነው። በአያቱ ማዕረግ ፊታውራሪ ብሎ ሰየመው። ፊታውራሪም በገባ በሳምንቱ ጭራውን ቀጥ አድርጎ መጋረጃው ላይ ረጨ። ከዚያ ሶፋው ላይ፣ ከዚያ የስልክ ማውጫው ላይ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን የምለብሰው ነጠላዬ ላይ። "ግዛቱን እያካለለ ነው" ይላል ጥሩነህ በኩራት። በኪራይ ቤት ውስጥ ምን ግዛት እንዳለው እግዜር ይወቅ።

እኔ ደግሞ በዚያ ዓመት፣ በፈረንጆች 1987፣ ሌላ ነገር ይዤ ነበር። በርክሌ ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ማንጠፍ ወገቤን ስለጨረሰው ቤቴ ቁጭ ብዬ የሰው ልጅ ልጠብቅ አስቤያለሁ። ኮርሱን ጨርሻለሁ፣ አሻራ ሰጥቻለሁ፣ ትንንሽ ወንበሮችም ገዝቻለሁ። የቀረኝ የመንግሥት ፈቃዱ ብቻ ነው። ቤቱን ልታይ የመጣችው ተቆጣጣሪ ሚስ ኮልማን ግን ገና በሩን ስታልፍ አፍንጫዋን ያዘች። ቅጿ ላይ "ሽታ" ብላ ጻፈች። በስድስት ሳምንት እመለሳለሁ፣ ያኔም ካልጠፋ ማመልከቻሽ ይዘጋል አለችኝ። እሷ ስትሄድ ከትንንሾቹ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በርክሌ ያለው የእንስሳት ሐኪም ነገሩን በአምስት ደቂቃ ጨረሰው። በመጀመሪያ በአሞኒያ ማጠብሽን ተዪ፣ ለሱ የሌላ ድመት ሽንት ነው የሚሸተው አለኝ፤ ለካ ወር ሙሉ ድገመው እያልኩት ኖሯል። ሽታውን ከሥሩ የሚያጠፋ ኤንዛይም ያለበት ማጽጃ ሰጠኝ። ዋናው መፍትሔ ግን ማኮላሸት ነው፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መርጨቱን ይተዋል አለ። ይህን ለጥሩነህ ስነግረው እጁ ሳያውቀው ወደ ቀበቶው ሄደ።

"በእኔ ቤት ወንድ አይሰለብም!"

"እንግዲያው መጋረጃውን አንተ እጠብ።"

"ሽማግሌ ይግባበት" አለ። ትዳራችን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሽማግሌ ገብቶበት አያውቅም። ለድመት ገባበት።

እሑድ ሦስት ሆነው መጡ። የሽማግሌዎቹ ዳኛ ጋሽ መንገሻ ናቸው፤ በሥራ ቀን ሚልፒታስ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ቺፕ በማጉያ መነጽር ሲያዩ ይውላሉ፣ ለሽምግልና ሲሆን ግን ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው ከሳን ሆዜ ድረስ ይመጣሉ። ከሳቸው ጋር ሳን ፓብሎ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ጀማለዲንና ታክሲ ነጂው ጋሽ አምሐ ነበሩ። ድመቱ ከጥሩነህ ጭን ላይ ሆኖ ያያቸዋል።

"ልጄ፣ ምግቡን በሰዓቱ ትሰጪዋለሽ?" አሉኝ ጋሽ መንገሻ።

"እሰጠዋለሁ።"

"ፊት ትነሺው ይሆን?"

"ነጠላዬ ላይ የረጨው እሱ ነው እኮ!"

"ቢሆንም፣ ቢሆንም" ብለው ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌ ተቀምጦ ከሴቷ ጥፋት ሳያገኝ አይነሳም።

"ሚስት ብንፈልግለትስ?" አሉ ጋሽ አምሐ።

"የኪራይ ውሉ ሁለት ድመት አይፈቅድም" አልኩ። "ደግሞ ለበዓል ሙክት ካልሆነ አንበላም የምትሉት እናንተ አይደላችሁም እንዴ? ሙክቱ ምን የተደረገ መሰላችሁ?"

"ሙክት ይታረዳል" አሉ ጋሽ ጀማለዲን ረጋ ብለው። "ፊታውራሪን ልትበይው ነው?"

በመጨረሻ ፈረዱ። ድመቱ ይመከር፣ እስከ ተቆጣጣሪዋ ቀን ጊዜ ይሰጠው፣ ዋስ ይጥራ። ጋሽ መንገሻ ተነሥተው "ዋሱ እኔ ነኝ!" አሉ። ጥሩነህ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ያኔ ነደደኝ። ድመቱን ከወንበሩ ላይ አንሥቼ በሙዝ ካርቶን ከተትኩትና በፕላስተር አሽጌ ጋሽ መንገሻ እጅ ላይ አስቀመጥኩት።

"ዋስ ከሆኑማ ይውሰዱት ጋሼ። እስከ ቀጠሮው እርስዎ ዘንድ ይሰንብት።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ያዩዋቸዋል፤ ምን ብለው እምቢ ይበሉ? ፊታውራሪ ሳን ሆዜ ወረደ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ጋሽ መንገሻ ናቸው፣ ከፋብሪካው በምሳ ብሬካቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"የወርቅውሃ፣ የዚያ የበርክሌው ዶክተር ነምበር አለሽ?"

"ምነው ጋሼ?"

"ሱፌን! ክሎዜት ድረስ ገብቶ! ሮማነወርቅ ደግሞ ወይ እሱ ወይ አንተ ከዚህ ቤት ትወጣላችሁ ብላለች።" ሚስታቸው ናት፤ ካለች አለች ነው። "ዛሬውኑ ኮል አድርጊና አፖይንትመንት አሲዥልኝ። ለጥሩነህ ግን በሞቴ፣ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ!"

ቃል ሰጠሁ። ሳቄን ይዤ ቃል መስጠት ግን አስቸገረኝ።

ወር ሙሉ በዚያ ማጽጃ ምንጣፉን ስነክር፣ መጋረጃውን ስቀይር፣ ግድግዳውን ሳሽ ከረምኩ። ቀኑ ደርሶ ሚስ ኮልማን መጣች። ሶፋውን አሸተተች፣ ተንበርክካ ምንጣፉን አሸተተች፣ ፈገግ አለች። ልትፈርም ብዕሯን ስታወጣ በሩ ተንኳኳ። ጥሩነህ የሽማግሌዎቹን ቀጠሮ ለዚያው ሰዓት አድርጎት ኖሯል።

ሦስቱ ካርቶኑን ይዘው ገቡ። ፊታውራሪ ወጥቶ ተንጠራራና ሶፋው ላይ ተኛ።

"መከርነው፣ ተመከረ!" አሉ ጋሽ መንገሻ። "ሦስት ሳምንት አንድ ጠብታ የለም!"

"አላልኩሽም?" አለኝ ጥሩነህ። "በምክር ብቻ!"

ሚስ ኮልማን ድመቱን አይታ ብዕሯን ከወረቀቱ አነሣች። "ኢዝ ሂ ኒውተርድ?" አለች። ካልተኮላሸ ሽታው ይመለሳል፣ ዛሬ ልፈርም አልችልም አለችኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ጥሩነህ ደረቱን ነፍቶ "ኔቨር!" አላት። "ሂ ኢዝ ኤ ማን!"

ሴትዮዋ ቦርሳዋን መዝጋት ጀመረች። ቃል ሰጥቻለሁ፤ ቃሌን ከበላሁ ጋሽ መንገሻ ነገ በምን ዓይናቸው ሰው ፊት ይቀመጣሉ? ዝም ካልኩ ደግሞ ወደዚያ አልጋ ማንጠፍ መመለሴ ነው። ጋሽ መንገሻን አየኋቸው። ምንጣፉን ያያሉ። አንድ ልጅ እንኳ ያልተቀመጠባቸው ወንበሮች ግድግዳ ጥግ ተደርድረዋል። ልናገር አፌን ስከፍት እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡና ለሴትዮዋ ሰጧት። የሐኪሙ ደረሰኝ ነው።

"ሮማነወርቅ ናት ያስደረገችኝ" አሉ ለወንዶቹ፣ ቀና ሳይሉ።

ጥሩነህ ወረቀቱን በሚስ ኮልማን ትከሻ በኩል አነበበ። ሄዶ ድመቱ አጠገብ ተቀመጠ። ጋሽ ጀማለዲን ኮፍያቸውን አወለቁ።

ሚስ ኮልማን ፈረመች። ስድስት ልጅ መያዝ ትችያለሽ፣ ከሰኞ ጀምሮ አለችኝና እጄን ጨብጣኝ ወጣች። ስድስት ልጅ! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ ደስታው ቁጭ ብድግ አሰኘኝ። አራቱም ወንዶች ከበቡኝ።

"አይዞሽ ልጄ" አሉኝ ጋሽ አምሐ፣ "የማደንዘዣ መርፌ ወግተውት ነው፣ ፊታውራሪ አልተሰማውም።"

"አይዞሽ የወርቅውሃ" አለኝ ጥሩነህ፣ የሱም ዓይን እንባ አቅርሯል። "ለማንም አንናገርም።"