በረዶ የማይጋግረው ፍሪዘር

ለሰባተኛ ጊዜ ቱቦው ውስጥ ያለው ነገር ውኃ መስሎ ቀረ።

ኢንዛይሙን ያገኘነው ከአንድ የአፈር ባክቴሪያ ነው። ማሎናይል-ኮኤ የሚባል ጥሬ ዕቃ ስንሰጠው አምስቱን እየቀጣጠለ ቀይ ቀለም ይሠራል። አምና ሠርቷል። ዘንድሮ እምቢ አለ። ፕሮፌሰሩ፣ "እስከ ዓርብ ካልቀላ ይህን ርዕስ ትተሽ ሌላ ትጀምሪያለሽ" ብለውኛል። የሦስት ዓመት ልፋቴ ገደል ሊገባ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ጠዋት ከቤት ስወጣ እህቴ፣ "ያ ባክቴሪያሽ ዛሬም እንዳኮረፈ ነው?" አለችኝ።

"ባክቴሪያው አይደለም፤ ኢንዛይሙ ነው" ብዬ በሩን ዘጋሁባት።

ኢንዛይሙን አራት ጊዜ እንደ አዲስ አዘጋጅቻለሁ። ጨዉን ቀይሬያለሁ፤ ሙቀቱን ቀይሬያለሁ። ስምንተኛውን ሙከራ ልጀምር ብዬ የማሎናይል-ኮኤውን ቱቦ ከፍሪዘር አውጥቼ ሳዘቀዝቀው፣ በረዶ ሆኖ መቆየት የነበረበት ነገር ወደ ክዳኑ ተንሸራተተ።

"ጋሼ!"

እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ሽማግሌው ቴክኒሻናችን ጓንታቸውን ሳያወልቁ መጡ።

"ምነው ልጄ?"

"ቀልጧል።"

ቱቦውን አዩ፤ ቀጥሎ ፍሪዘሩን። ፕሮፌሰሩ ከስድስት ወር በፊት በኩራት ያስገቡት፣ በረዶ የማይጋግር ዘመናዊ ፍሪዘር ነው።

"ይሄ እኮ በየቀኑ ራሱን እያሞቀ ነው በረዶውን የሚያራግፈው። አንቺ ኢንዛይሙን ስትቆጪ ጥፋተኛው አጠገብሽ ቆሞ ያንኮራፋል!"

ጥሬ ዕቃው ሲቀልጥና ሲረጋ ከርሞ ተበላሽቷል።

አሮጌው ፍሪዘር ኮሪደሩ ጫፍ ተጥሎ የበረዶ ከረጢት ማስቀመጫ ሆኗል። ጋሼ ውስጡ የተጋገረውን በረዶ ግማሽ ሰዓት ፈቅፍቀው አንድ የማሎናይል-ኮኤ ቱቦ አወጡ። የአምናው የእጅ ጽሑፌ አለበት። ለአንድ ሙከራ ብቻ ይበቃል።

በአርባኛው ደቂቃ ቀላ።

ቢሯቸው ይዤላቸው ስገባ ፕሮፌሰሩ ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት። "ግሩም! ነገ ሦስት ጊዜ ድገሚና አሳዪኝ።"

"ጥሬ ዕቃው አልቋል። የቀረው ፍሪዘሩ ውስጥ ተበላሽቷል።"

"አዲስ ፍሪዘር ገዝቼላችሁ?"

"እሱ ነው ያበላሸው። መጥተው ይዩት" አልኩ። "ርዕሴን ግን አልለቅም።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ቀዩን ቱቦ እንደገና አዩት።

"እሺ፤ ሦስት ወር ሰጥቼሻለሁ። ከዚያ በኋላ አንዲት ቀን አልጨምርም።"

አመስግኜ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ትዝ አለኝ፤ ማሎናይል-ኮኤ ታዝዞ እስኪመጣ የሚፈጀው ሦስት ወር ነው።