ቤት የገቡት ፎቶዎች

የዲስኩን ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በጥድፊያ ነቀለ። ከኋላው እናቱ የታጠበ ካልሲ ያጣምራሉ።

ሦስት ቅዳሜ የፈጀበት ሥራ ነው። የቤተሰቡ ፎቶ ክላውድ ላይ፣ በማያውቁት ሰው ኮምፒውተር ውስጥ መቀመጡ ስላንገበገበው፣ ፎቶዎቹን እያወረደ ቤት ባለው ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። «ከእንግዲህ ገመናችን በቤታችን!» ብሎ ነበር ትናንት፣ ደረቱን ነፍቶ። ታላቅ እህቱ የይለፍ ቃሏን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ስትሰጠው፣ «አንተን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?» አለችው።

አንድ ነገር ረሳ። ቴሌቪዥኑ ሥራ ሲፈታ ከዚያው ዲስክ ፎቶ እያነሳ እንዲያሳይ ያደረገው ራሱ ነው፤ አምና፣ እናቱን ደስ ይበላቸው ብሎ። ፕሮግራሙ ደግሞ ክላውዱ ላይ የተደበቀ አልበም፣ ያልተደበቀ አይልም። ያገኘውን ጠራርጎ ያወርዳል።

እናም ከምሳ በኋላ እናቱ ከካልሲው ቀና ብለው ቴሌቪዥኑን አዩ። «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አሉ። ጸጉሯ ረግፎ ሆስፒታል አልጋ ላይ የተቀመጠችው የገዛ ልጃቸው ነበረች። ያኔ «ለሁለት ወር ሥልጠና ሄጃለሁ» ብላቸው ነበር።

እህቱ አሁን በሩ ላይ ቆማለች።

«ኢንጂነሩ፣» አለችው፤ ሲያሾፉበት የሚጠሩት እንዲያ ነው። «ከባዕድ ሸሽገህ ለእማዬ አሳየህብኝ?»

«አላሰብኩትም፣ እታለም።»

«ካንተ ወዲያ አዋቂ ላሳር!»

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ጆሮው ድረስ ጋለ።

«ተዪው፣» አሉ እናቱ። «ማፈርስ እኔ ልፈር። በስልክ ‹ድምፅሽ ወፍሯል፤ ተመችቶሻል ማለት ነው› እያልኩ የምስቀው እኔ።»

እህቱ መጥታ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። «ድኛለሁ እኮ፣ እማዬ።» እጃቸውን ጸጉሯ ላይ አሳረፉ፤ ቆዩ።

እሱ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ የሆስፒታሉን ሠላሳ አንድ ፎቶ ወደ አንዲት ፍላሽ ገለበጠ፤ ከዲስኩ ላይ አጠፋቸው። ፕሮግራሙ የተደበቀ አልበም እንዳይነካ አንድ መስመር ጨመረበት። ብጣሿን ወረቀትና ፍላሿን ይዞ ፊቷ ቆመ።

ወረቀቱን ቀድዳ ኪሷ ከተተች። «የይለፍ ቃሉን ቀይሬዋለሁ» አለች፣ ሳታየው። ፍላሿን ግን ለእናቷ ሰጠች። «አንቺ ጋ ትቀመጥ።»

እናቱ ፍላሿን አንዱ ካልሲ ውስጥ ከተቱ፤ ጥንዱን ደርበው ጠቀለሉና የካልሲ መሳቢያቸው ውስጥ ከታች አስቀምጠው ዘጉት።