ከመቁረጫው ጀርባ

«...ታዲያ ይቺ» አለች አክስትየዋ በአገጯ እየጠቆመች፣ «ይቺ ቀልቧ የሌላት ልጅ የብረት መቁረጫውን ፔዳል ረገጠችው። ጣቷ ምላጩ ሥር እያለ እኮ ነው። እሱ ባይኖር ዛሬ ክንድ የሚባል ነገር አይኖራትም ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ፣ እጇን በሸሚዙ ጠፍሮ፣ ተሸክሟት ሐኪም ቤት። እንዲህ ያለ አባት ነው የሞተብን።»

ለቀስተኞቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ልጅቷ የሻይ ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ ይዛ መሐላቸው ቆማ ነበር። ሁሉም አንድ ጊዜ ቀኝ እጇን አዩ፤ ከዚያ ደግሞ እንዳላዩ ለመምሰል ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ። ከዚያ እጅ የቀሩት አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ብቻ ናቸው። ልጅቷ ይበሏት እንጂ ሠላሳዎቹን ካጋመሰች ቆይታለች፤ ግን በዚህ ቤት ጣቶቿን ካጣች ወዲህ ዕድሜዋን የቆጠረላት የለም።

አክስትየዋ ይህን ታሪክ አዲስ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ታወራዋለች። ከቀብሩ ወዲህ ልጅቷ ስንት ጊዜ እንደሰማችው እንጃ። የሞተ ሰው መመስገን አለበት፣ ምስጋና ደግሞ ታሪክ ይፈልጋል፣ ለአባቷ ከዚህ የተሻለ ታሪክ አልተገኘም። እሷም ሻይዋን ታድላለች፣ ታሪኩ ሲያልቅ አንገቷን ትደፋለች። አጥፍታለች፤ ምን ትበል?

አባቷን የሰፈሩ ሰው አይስቴ ይለው ነበር። እጁ ስቶ አያውቅም ለማለት ነው። ከወደቀ ብረት ማሽን የሚያቆም ሰው ነበር። የሞተ የውሃ ፓምፕ፣ እህል ማድቀቅ ያቆመ ወፍጮ፣ ሌላው ባለሙያ ተስፋ የቆረጠበት የልብስ ስፌት መኪና ሁሉ መጨረሻው እሱ ወርክሾፕ ነው፤ ሲወጣ እየሠራ ይወጣል። ከቱታው ወጥቶ የታየው በሠርጉ ቀንና አሁን በሳጥኑ ውስጥ ነው ይላሉ ወዳጆቹ። ሰው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ይጀምራል፣ መሽቶ በግድ ተጎትቶ ይገባል። «ተሳስቻለሁ» የምትለዋን ቃል ግን አፉ አያውቃትም። የሠራው በር ሰፍቶ አልገባ ቢል ጥፋቱ የግድግዳው ነው። ይህንንም እንደ ቀልድ ያወሩለታል፤ እሱ እንዳለው ግድግዳቸውን ያስጠረቡ ደንበኞችም ነበሩ።

ልጅቷ ትንሽ ሳለች ወርክሾፑ ውስጥ ነው ያደገችው። አንድ ቀን አባቷ የካቻቪቴውን ጫፍ የሚዞር ሞተር ላይ አሳርፎ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አደረገላት።

«ምን ይላል?»

«አሸዋ ያኝካል።»

ሞተሩን ሲፈታው ዘንጉን የሚያዞረው ኩሽኔታ ተበልቶ አገኘው። የዚያን ቀን እየሳቀ አብረውት ለሚሠሩት ለበያጁም ለቶርኖ ሠራተኛውም ነገራቸው፤ ከዚያ ወዲያ ስሟ «ጆሮዬ» ሆነ። አንድ ነገር ድምፁ ካልጣመው «ጆሮዬን ጥሯት» ይላል። ትሮጣለች። ታላቅ ወንድሟ መዶሻ እያቀበለ ሲያዛጋ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና የሞተር በሽታ ትናገር ነበር። በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ያላት ጊዜ የለም።

ከዚያ የላሜራ መቁረጫው አደጋ መጣ። የሆነው ነገር በደንብ ትዝ አይላትም። ከመቁረጫው ጀርባ ሆና የተቆረጠውን ላሜራ ትስብ ነበር። ጩኸት፣ ከዚያ የአባቷ ፊት፣ ከዚያ ነጭ አንሶላ። ስትነቃ አልጋው ራስጌ ቆሞ «ፔዳሉን ረገጥሽው እኮ። ቀልብሽ የት ነበር?» አላት። እንዴት እንደረገጠችው ጠይቃ አታውቅም። እሱ ካለ አለ ነው። ከዚያ ወዲህ የወርክሾፑን ደፍ እንዳትረግጥ ተከለከለች፤ «ጆሮዬ» የሚላትም ጠፋ። ወርክሾፑ ለወንድሟ ሆነ፣ እሷ ጨርቅ ቤት ገብታ በሁለት ጣት መቀስ መያዝ ለመደች። በግቢው ስታልፍ የሞተሩ ቺንጋ ከመዘውሩ ላይ ሲንሸራተት ይሰማታል። ወንድሟ እንዳልሰማ ታውቃለች። ዝም ብላ ታልፋለች።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞላ፤ በያጁና ሌሎቹ የሙያ ሰዎች ወንበር ለሴቶቹ ለቀው ጓሮ ወዳለው ወርክሾፕ ገቡ። ወንድሟ ለአባቱ መቃብር የስም ሰሌዳ ሊቆርጥ ነው። የአባቱን መቁረጫ ማዘዝ እንደሚችል ለማሳየትም ጭምር ነው እንጂ ሰሌዳው ሌላ ቀንም ሊደርስ ይችል ነበር። ላሜራውን አጣሞ ከተተው፣ ምላጩ ግማሽ ድረስ ቆርጦ ተመለሰ፣ ቁራጩ ከኋላ በኩል ተሰነቀረ። ሲገፋ አይሄድም፣ ሲሳብ አይመጣም።

ልጅቷ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ደረሰች። ደፉ ጋ ስትደርስ እግሯ እንደ ልማዱ ቆመ።

«ግቢ እንጂ» አላት ወንድሟ ላቡን እየጠረገ። «በዚያ በኩል ዙሪና ከኋላ ሳቢልኝ። አይዞሽ፣ ሞተሩ ጠፍቷል።»

የሚከለክላት ሞቷል። ትሪውን ለበያጁ አቀበለችና ዞራ ከመቁረጫው ጀርባ ገባች። ጎንበስ ብላ እጇን ከምላጩ ሥር አሳለፈች። እግሯ ደግሞ ፔዳሉን ፈለገ፤ እንዳይረግጠው፣ እንዲርቀው። ወደ ግራ ዳበሰች፣ ወደ ቀኝ ዳበሰች። ሲሚንቶ ብቻ ነው።

ቀና ብላ አየች። ፔዳሉ ከጠረጴዛው ማዶ ነው፣ ከወንድሟ ጫማ አጠገብ። ጠረጴዛው አልጋ ያህላል። እዚህ እጁን የከተተ ሰው፣ ቁመተ ረዥምም ቢሆን፣ ልጅማ ሲሆን፣ እዚያ ያለውን ፔዳል ሊረግጥ አይችልም። የሚረግጠው ከፊት የቆመ ሰው ነው። ከፊት ደግሞ ያኔ ከአባቷ በቀር ማንም አይቆምም ነበር።

ቶርኖ ሠራተኛው ብርጭቆው ውስጥ የወደቀ ነገር ያለ ይመስል አንገቱን ደፍቷል። በያጁ ትሪውን እንደያዘ ነው። እነዚህ ሰዎች እንጀራቸው ዓይናቸው ነው፤ የበርን መጉበጥ ከመንገድ ማዶ ሆነው ይለያሉ። መቁረጫውን ያኔም አይተውታል፣ ከዚያም በኋላ በየቀኑ አይተውታል። ታሪኩ ሲወራ ከንፈር የሚመጥጡትም እነሱው ናቸው።

«ያዝሽው?» አለ ወንድሟ።

«ያዝኩት።» ሳበችው፣ ወጣ። ከዚያ ወደ በያጁ ዞረች። «ጋሼ፣ ፔዳሉ ድሮም እዚህ ነበር?»

«ድሮም።» ትሪውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ምን ይደረግ ልጄ። ዛሬ እሱ አፈር ነው።»

እናቷን ያገኘቻት ኩሽና ውስጥ ብርጭቆ ስታጥብ ነው። በሩን ዘጋችና ጀርባዋን አስደገፈችበት።

«እማዬ፣ ፔዳሉን የረገጠው አባዬ ነው።»

እናትየው ቀና አላለችም። «ማን ነገረሽ?»

ይህ በቂ ነበር። ልጅቷ ግን እንደ ቂል ቆማ ጠበቀች፤ ምናልባት እናቷ ትክደው እንደሆነ።

«ሰው ቢሰማ ማን ሥራ ያመጣለት ነበር?» አለች እናትየው አንዱን ብርጭቆ ደጋግማ እያጠበች። «የልጁን እጅ የቆረጠ ሰው ጋ ማን በር ያሠራል? በምን ልናድር? አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይረሳል አልን።»

«ለሰውስ እሺ። ሊሞት ሲል ምንም አላለም? ስለ እኔ አንድ ነገር አላለም?»

«ብሏል።»

ልጅቷ ከበሩ ተላቀቀች። በዚህች ቅጽበት ለሁሉም ነገር ዝግጁ ነበረች፤ አንዲት ቃል ብትመጣላት ሃያ አምስት ዓመቱንም ጣቶቿንም ልትሰጠው።

«‹ያቺን ቀልበ ቢስ ልጄን አደራ› ነው ያለኝ።» እናትየው ውሃውን ዘጋች። «መጀመሪያ እንዳልናገር እኔን አስማለኝ። ከዚያ ስንት ጊዜ አወራው መሰለሽ፣ ሲያወራው ሲያወራው እሱም አመነው። ከልቡ አዝኖልሽ ነው የሞተው።»

ዋሽቷት ቢሆን ኖሮ ይቅር ትለው ነበር። የዋሸ ሰው እውነቱን ያውቃታል፤ የሆነ ቦታ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ከእሷ ጋር ነው። አባቷ ግን ትቷት ሄዷል። የሆነውን የሚያውቅላት አባት የላትም፤ ያለቀሰችለት ሰውዬ እንደ ሌላው ሰፈርተኛ የሚያዝንላት ሰው ነበር።

ሳሎን ስትመለስ ከሩቅ የመጡ ዘመዶች ገና እየተቀመጡ ነው። የሙያ ሰዎቹም ከጓሮ ተመልሰው በሩ አጠገብ ቆመዋል። አክስትየዋ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ይቺን ልጅ ታያላችሁ? ያኔ እኮ ፔዳሉን ረግጣ...»

«የረገጠው እሱ ነው፣ አክስቴ።»

«ምን አልሽ?»

«እኔ ከመቁረጫው ጀርባ ነበርኩ። ፔዳሉ ከፊት ነው፣ አይደረስበትም። የረገጠው አባዬ ነው።» ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ለደንበኛ የጨርቅ ልክ የምትናገር ነበር የምትመስለው።

ከዚያ አክስትየዋ ደረቷን ደገፍ አድርጋ ወደ እንግዶቹ ዞረች። «እንዲያው የኔ ምስኪን። አትፍረዱባት፣ ሐዘኑ ነው። አባቷን እንዴት ትወደው እንደነበር። ውሃ ስጧት እስቲ።» አንዷ ዘመድ ተነስታ ትከሻዋን አሻሸቻት፣ ሌላዋ ከቀብሩ ወዲህ እንቅልፍ ተኝታ እንደሆነ ጠየቀቻት።

ልጅቷ በያጁን አየችው። አንድ ቃል፣ «ልክ ናት» ብቻ፣ ቢልላት። በያጁ ባርኔጣውን በእጁ አንድ ጊዜ አዞረው። «ፈጣሪ ያጥናሽ» አለና ወጣ። ቶርኖ ሠራተኛውም ተከተለው፤ ወንድሟ ሊሸኛቸው ከኋላቸው ሄደ።

እናትየው ከኩሽና መጣች። ሁሉንም ሰምታለች። አጠገቧ ተቀመጠችና ቀኝ እጇን ወስዳ ጭኗ ላይ አሳረፈችው፣ ከዚያ በሻርፗ ጫፍ ሸፈነችው። ለቀስተኞቹ ይህን አይተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከሻርፑ ሥር የእናትየው እርጥብ ጣቶች ጉቶዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱና እዚያው ቀሩ። ይቅር በይኝ ማለቷ ይሁን ዝም በይ፣ ልጅቷ መለየት አልቻለችም።

አክስትየዋ ስለ በሩና ስለተጠረበው ግድግዳ ማውራት ጀመረች፤ እንግዶቹም በሐዘን ቤት እንደሚሳቀው ቀስ ብለው ሳቁ። ልጅቷ እጇን አላወጣችም።